መምጣት ያቃተውን ደጋግሞ መጥራት

ለወናጎ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እና ለጌዴኦ ዞን ጤና መምሪያ፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጀምረው የቫይረስ መጠናቸው አልወርድ ስላላቸው ጎልማሶች ነው። የምተቸው አሠራር አገር አቀፍ እንጂ ወናጎ ያመጣችው አይደለም፤ ጉዳቱ ግን እንደየአካባቢው ኑሮ ስለሚለያይ ለእናንተ ማቅረቡን መረጥሁ። የደም ምርመራው ቫይረሱ እንዳልወረደ ሲያሳይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ታካሚው ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም ተብሎ በየወሩ ለሦስት ዙር ያህል ለምክር ይቀጠራል፤ ከዚያ ደሙ ዳግመኛ ይመረመራል። ቫይረሱ የወረደለት ታካሚ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በተጀመረው የተራዘመ ቀጠሮ የስድስት ወር መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ይዞ መሄድ ይችላል። ይህ ማለት ክትትሉ የተሳካለት በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መመላለስ ያቃተው ደግሞ በየወሩ ይጠራል ማለት ነው።

ወናጎ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ የዓመቱ ገንዘብ የሚገኘው በእነዚህ ወራት ስለሆነ አንድ የሥራ ቀን መተው ቀላል አይደለም። ቡናው ከመድረሱ በፊት ባሉት የክረምት ወራት ደግሞ እጅ ያጥራል፤ ለመጓጓዣ የሚከፈለው ከምግብ ላይ ይቀነሳል። ወረዳው በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት ቦታ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል በር ላይ ወረፋ መያዝ ምስጢርን አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ለባሏ ያልነገረች ሴት ኪኒኗን የምትውጠው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። በ2010 ዓ.ም. ከጉጂ አካባቢ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተፈናቀሉበት ጊዜም የብዙ ሰው ኑሮ ተናግቷል፤ እንዲህ ያለ መፈናቀል የሕክምና ካርድንና ቀጠሮን አብሮ ያፈርሳል። ከእነዚህ አንዱንም ምክር ብቻውን አያነሳውም።

«ለታካሚዎቹ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ቫይረሱም በቀላሉ አይላመደውም፤ ስለዚህ ቫይረሱ ካልወረደ ኪኒኑ አልተዋጠም ማለት ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ለምን ሊውጠው እንዳልቻለ ነው። ቸልተኝነት ነው እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በከተሞች የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ቫይረሱ እንዳለባቸው ካወቁት ጎልማሶች 97 በመቶ ገደማ መድኃኒት ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። ሰዉ መታከም ይፈልጋል። በዚያው ጥናት ሕክምና ላይ ካሉት ወደ 88 በመቶው ቫይረሱ ወርዶላቸዋል፤ ይህ ግን የከተማ ቁጥር ስለሆነ በገጠር ቀበሌ ያለውን ቡና ለቃሚ አይወክልም።

ሁለተኛው መቃወሚያ የሰው ኃይል እጥረት ነው፤ ከባድ መቃወሚያም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ 5000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። ሆኖም ባለሙያ ሲያንስ ያንኑ ምክር ሦስት ጊዜ መድገም የባሰ ብክነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰፋ ያለ አንድ ውይይት ተደርጎ ምክንያቱ ቢታወቅ፣ የቀረውን ታካሚው ከፈቀደ በስልክ መከታተል፣ ወይም መድኃኒት ከሚወስድበት ቀን ጋር ማገጣጠም ይቻላል። ቲቢ ያለበት ወይም በጠና የታመመ ሰው ቶሎ ቶሎ መታየቱን አልቃወምም፤ እሱን በአካል ማየት ግድ ነው።

ከሚቀጥለው የቡና ለቀማ በፊት ሦስት ነገር እንድትጀምሩ እጠይቃለሁ፦ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ታካሚውን ምን እንደከለከለው በራሱ አንደበት ይጻፍ፤ ውጤቱ ዘግይቶ እንደሆነ እንዲታይ፣ ደም የተቀዳበትና ውጤቱ ለታካሚው የተነገረበት ቀን ጎን ለጎን ይመዝገብ፤ ለቀማ ወይም የቀን ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ሰው በሚሠራበት አካባቢ ካለ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን የሚወስድበት ደብዳቤ ሳይጉላላ ይሰጠው።