ፋጉሎ ተመልሶ አይጨመቅም

መተማ ዮሐንስም ሆነ ገንዳ ውኃ፣ ሰሊጥን የማያውቅ ሰው የለም። ዘይቱ የወጣለት ሰሊጥ ፋጉሎ ነው፤ ለከብት ይሰጣል እንጂ መልሶ መጭመቂያ ውስጥ የሚከተው የለም። ከቴሌቪዥን የተቀዳ ቪዲዮን በኮምፒውተር ለማሳነስ የሚታገሉ ሰዎች ግን ይህን ያደርጋሉ። ፋጉሎውን መልሰው ይጨምቃሉ፣ ከዚያ ምስሉ ደበዘዘ ብለው ላፕቶፑን ያማርራሉ።

እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላም ብዙ ፊልምና መዝሙር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በፍላሽ ነው። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ፍላሽ ዋናው መንገድ ሆነ። የሳተላይት ሪሲቨር ጀርባ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ስርጭት መቅዳት ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ፋይሉን ስልክ ላይ እንጫነው ሲባል ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚተላለፍ ጣቢያ የአንድ ሰዓት ቀረጻው 1.8 ጊጋባይት ይይዛል፤ በ8 ሜጋቢት ከሆነ 3.6። ከጎንደር የሚተላለፍ የአምስት ሰዓት የጥምቀት ስርጭት በዚህ ስሌት 18 ጊጋባይት ይደርሳል። መጨመቁ ግድ ነው።

ነገር ግን ስርጭቱ ሳተላይት ላይ ከመውጣቱ በፊት አንዴ ተጨምቋል። ጥያቄው በየትኛው የመጭመቂያ ዘዴ ተጨመቀ የሚለው ነው። በፈረንጆች 1990ዎቹ በወጣው ኤምፔግ 2 ከሆነ ገና ዘይት አለው፤ በፈረንጆች 2003 በወጣው ኤች 264 ቢለውጡት ብዙ ጥራት ሳይጎድል ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ቀረጻው ራሱ ኤች 264 ከሆነና መልሰው በዚያው ከጨመቁት፣ የሚያተርፉት የፋይል መጠን በምስሉ ኪሳራ የተገዛ ነው። በፈረንጆች 2013 የጸደቀው ኤች 265 የተሻለ ይቆጥባል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ አንዳንድ ስልክም አይከፍተውም። ቀረጻው በየትኛው ዘዴ እንደተጨመቀ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል፤ «700 ሜጋባይት አድርግልኝ» ማለት። ዜና አንባቢ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ከፊቱ በቀር ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ በጥቂት ባይት ጥርት ብሎ ይቀመጣል። በጎንደር ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲለደስ መዋኛ ግን ሌላ ነው። ውኃው ሲረጭ፣ ወጣቶች ሲዘሉ፣ ጥላው ሲወዛወዝ፣ ሺህ ነጠላ ሲንቀሳቀስ እያንዳንዱ ጠብታ ቦታ ይጠይቃል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መጠን መስጠት ለአንድ ማድጋና ለአንድ ኩባያ እኩል ውኃ እንደመቅዳት ነው። ውጤቱ ሲታይ ውኃው ወደ አራት ማዕዘን ጡብ ይለወጣል፣ የሰው ፊት ይጠፋል። በ2012 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ በዓል በጡብ ክምር መልክ ለልጅ ሊተላለፍ አይገባም። መጠኑን ትቶ ጥራቱን መምረጥ ይሻላል፤ ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ለኤችዲ ቀረጻ ከ20 እስከ 24 ያለው የጥራት ቁጥር ይበቃል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ዜናው በራሱ ያንሳል፣ ጥምቀቱ በራሱ ይተልቃል።

የእስክስታ ትከሻ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስል መስመር ከታየ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ብዙ ስርጭት አንዱን ምስል በጎዶሎና በሙሉ መስመሮች ከፍሎ ይልካል፤ ሲጨመቅ መስመሮቹን የሚያዋህደው ማጣሪያ መብራት አለበት። ፍላሹ 64 ጊጋባይት ሆኖ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው ደግሞ ፎርማቱ ፋት 32 ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሪሲቨሩም በዚሁ ምክንያት ቀረጻውን ይቆራርጠዋል፤ ቁርጥራጩን መጀመሪያ አገናኝቶ፣ ማስታወቂያውን ቆርጦ ጥሎ፣ ከዚያ መጨመቅ ነው። በክረምት ዝናብ ሲግናል ሲቆራረጥ የተቀዳ ከሆነ ድምፁ ከምስሉ ሊቀድም ይችላልና፣ ምስሉን ሳይነኩ የፋይሉን መያዣ (ኮንቴይነር) ብቻ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ ፕሮግራም መለወጥ በደቂቃዎች የሚያልቅ አንዳንድ ጊዜም የሚረዳ ሥራ ነው።

ቆላው የራሱን ችግር ይጨምራል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ አልጋ ላይ የተቀመጠ አቧራ የዋጠ ላፕቶፕ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የሁለት ሰዓት ሥራ አምስት ሰዓት ሲፈጅ ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሌሊት ማሠራት ነው መፍትሔው። መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤምፒ 4 የተባለው የፋይል መያዣ ማውጫውን ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው በመጨረሻ ስለሆነ፣ 98 በመቶ ላይ መብራት ቢሄድ የተሠራው ሁሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ የተባለው መያዣ ግን እስከ ደረሰበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። መብራት በማይታመንበት ከተማ በኤምኬቪ ሠርቶ በኋላ ወደ ኤምፒ 4 መገልበጥ የሚያስከፍለው የደቂቃዎች ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሊታረም ይችላል። የማይታረመው ትንሹ ፋይል እንዳለቀ ዋናውን ማጥፋት ነው። ዋናውን ማስቀመጥ ያለበት ጣቢያው ነው የሚል አለ፤ ጣቢያዎችም ግን ያጠፋሉ። ቢቢሲ በፈረንጆች 1960ዎቹና 70ዎቹ ቴፕ መልሶ ለመጠቀም ሲል «ዶክተር ሁ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ብዙ ክፍሎች አጥፍቷል፤ መገኘታቸው በፈረንጆች 2013 የተነገረ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች የተገኙት ለንደን ውስጥ ሳይሆን ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ባለ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ባያጠፋም ማከማቻው አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ለዚህ ከመተማ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ቅርብ ምሳሌ አለ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በድንበሩ ማዶ ባለችው ገላባት በኩል መተማ ገቡ። ኦምዱርማን ያለው የሱዳን ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንጻ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከሱዳን ጦር ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ቆይቶ፣ ጦሩ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ነበር። የአሥርት ዓመታት ቀረጻ የተከማቸው በዚያ ግቢ ነው።

እናም ፍላሽ የሚጭኑ ወጣቶች ሱቃቸው በር ላይ «ፊልምና መዝሙር እንጭናለን» ከሚለው ጽሑፍ ሥር አንድ መስመር ቢጨምሩ መልካም ነው፤ «ዋናውንም ሃርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጣለን» የሚል። የሚቀጥለው ጥር 11 ሳይደርስ።