ኮርኒሱ ሳይመረመር አይፋቅ

ሥራዬ ስቱኮና ቀለም ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይ በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን፣ ቤት የገዙ ወገኖቼ ብዙ ጊዜ የሚደውሉልኝ ፖፕኮርን የሚባለውን ሻካራ ኮርኒስ ለማስነሳት ነው። «ቤቱን አስረጀብን፤ ስንት ታስከፍለናለህ?» ይሉኛል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ቤቱ የተሠራበትን ዓመት እጠይቃለሁ። ይህን ሳይጠይቅ መሰላል የሚያቆም ሠራተኛ ቤታችሁ መግባት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ አስቤስቶስ ነው። ይህ ኮርኒስ በአሜሪካ የተስፋፋው ተረጭቶ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ድምፅ ስለሚቀንስና በደንብ ያልተስተካከለ የድራይዎል መጋጠሚያ ስለሚሸፍን ነው። በድብልቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ይገባ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለጌጥ የሚረጨውን አስቤስቶስ እ.ኤ.አ. በ1978 ከለከለ፤ ቀድሞ የተመረተው ግን ከዚያ በኋላም ጥቅም ላይ ውሏል። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ቤትም ከጥርጣሬ አያመልጥም።

አስቤስቶስ እንዳለበት በዓይን አይታወቅም። ከተለያየ ቦታ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ኮርኒሱ ሲፋቅ የሚበተነው የአስቤስቶስ ጭረት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የሳንባ ካንሰርና የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴልዮማ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የሚታዩት። ዛሬ የሚፍቅ ሰው ዛሬ አይታመምም፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀለም ልገምት የሄድኩበት ቤት ሳሎኑ በግማሽ ተፍቆ አገኘሁት። የሚፍቀው ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው። ውሃ አልረጨም፣ ላስቲክ አልዘረጋም፤ አፍንጫው ላይ ቀጭን ማስክ ብቻ ነበር። ልጆች ምንጣፉ ላይ በወደቀው ዱቄት ይመላለሳሉ። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ለእንግዳ ልጅ ሥራ ልስጥ ብለው ነው ያመጡት። ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ ስጠይቃቸው ስለ ምርመራ ሰምተው አያውቁም። ሥራው ወዲያው እንዲቆም ለመንኳቸው። ያ ልጅ ልብሱን ሳይቀይር ወደሚኖርበት ቤት ሊመለስ ነበር። ወገንን መርዳት ማለት ሌላው ሰው እምቢ ያለውን አደጋ በርካሽ ማሸከም አይደለም።

ምርመራው አስቤስቶስ ካሳየ በሜሪላንድ ሥራው የሚሰጠው ከግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአስቤስቶስ ፈቃድ ላለው ድርጅት ብቻ ነው። ገንዘብ ካጠረ ኮርኒሱን መተው ይቻላል፤ ያልተሰነጠቀና ያልተነካ ኮርኒስ ጭረት አይበትንም። አዲስ ድራይዎል ማልበስም አንድ መንገድ ነው፤ ምስማሩና ብሎኑ ግን አሮጌውን ስለሚበሱ እሱንም ባለሙያ ይሥራው።

ኮርኒሱ ከአስቤስቶስ ነፃ ከሆነም ቀጣሪው ይጠንቀቅ። የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፍ። ሕጉ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበልን ይከለክላል፤ ግማሹን አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አሰናብቱት። ዋጋ ስታወዳድሩ ደግሞ ምን እንደሚጨምር ጠይቁ። መፋቁ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ያ ሻካራ ሽፋን ሲነሳ የተደበቀው መጋጠሚያ ሁሉ ይወጣል። ስቱኮው፣ ማለስለሱ፣ ፕራይመሩና ቀለሙ ያልተካተተበት ርካሽ ዋጋ መጨረሻው ውድ ነው። ኮርኒሱ ቀለም የተቀባ ከሆነም ውሃ ስለማያስገባ ሥራው ይከብዳል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሠራተኛ ሥራውን ያውቃል።

የቤት ደላሎቻችን ቁልፍ ስታስረክቡ ይህን ንገሩ። ሠራተኞችም የምርመራ ወረቀት ሳታዩ መፋቂያ አታንሱ፤ የቀረባችሁን ሥራ ሌላ ቀን ታገኙታላችሁ፣ ሳንባ ግን አይተካም። ባለቤቶች ሆይ፣ ለምርመራው የምትከፍሉት ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። መጀመሪያ እሱን ክፈሉ።