በብረትና በብረት መካከል

ከአጎቴ በውርስ የደረሰችኝ ላንድሮቨር፣ ሲሪስ ሦስት ከሚባሉት ወገን ሆና ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ 109 ኢንች የምትለካው ረጅሟ ዓይነት፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በተመላለስሁ ቁጥር ቀጥ ብላ መሄድን እንቢ አለችኝ፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ ሲለቀቅ ወደ ቀኝ ትመለሳለች፣ ጉድጓድ ባጋጠማት ጊዜም ከወለሏ በታች እንደ ተሰነጠቀ ደወል ያለ ድምፅ ታሰማለች። ይህንን ለወዳጆቼ ባወራሁ ጊዜ አንዱ የመሪው ጥርስ ተበልቷል፣ ሌላው ጎማዎቹ አርጅተዋል ይለኝ ነበርና፣ ሁለቱንም አምኜ ሁለቱንም አስለወጥሁ፤ ደዌው ግን በነበረበት ጸና።

እውነተኛውን ሕመም ያሳዩኝ፣ ሙያቸውን በወጣትነታቸው ከኢጣልያ መካኒኮች እጅ የተማሩ አንድ አዛውንት ናቸው። መኪናዋን ከመንዳታቸው፣ ሞተሩንም ከማስነሣታቸው አስቀድሞ፣ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡና፣ ረዳታቸው መሪውን ቀኝና ግራ በቀስታ እንዲያወዛውዝ አዝዘው፣ በባሌስትራው ጆሮና በሻንሲው መካከል ዲጅኖ አግብተው ጥቂት ቢጫኑት፣ ከቶ ሊነቃነቅ የማይገባው ብረት ግማሽ ጣት ያህል ሸሸ። «ልጄ፣ መሪህስ ደኅና ነው፤ የከዳህ እግሯ ነው» አሉኝ።

በዚያ መጋጠሚያ ውስጥ ተበልቶ የተገኘው ጎሚኒ የምንለው ዕቃ፣ ስሙንም ከኢጣልያኖች የወረስነው፣ በእጅ ይዘው ሲመለከቱት እጅግ የተናቀ ነገር ነው፤ በውጭ አንድ የብረት ቀለበት፣ በውስጥ ብሎን የሚያልፍበት አንድ የብረት ቱቦ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከሁለቱም ጋር ተጣብቆ አንድ አካል የሆነ ጎማ፣ ከዚህ በቀር ምንም የለውም። ሆኖም የመኪናዋ ክብደት ሁሉ ከሻንሲው ወደ ባሌስትራው የሚተላለፈው በእርሱ በኩል ነው። ባሌስትራው በጉድጓድና በጉብታ ሲተጣጠፍ ጆሮው በብሎኑ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በዚያን ጊዜ የሚንሸራተት ነገር የለም፣ የሚጠመዘዘውና ተመልሶ የሚፈታው የጎማው ሥጋ ራሱ ነው እንጂ፤ ስለዚህም እንደ ሌሎች መገጣጠሚያዎች ግሪስ አይሻም፣ እንዲያውም ዘይትና ግሪስ ጎማውን አሳብጠው ያበሰብሱታል። በአንዱ ባሌስትራ ሦስት፣ በአራቱም 12 ጎሚኒዎች አሉ። ከእነዚህ ጥቂቱ ሲሰነጣጠቅና ሲፈረፈር ብረት ከብረት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፣ የብሎኑ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል፣ አክስሉም ስፍራውን ለቆ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ ሾፌሩ ግን የሚሰማው በመሪው ላይ ነውና መሪውን ይከስሳል።

ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገለጥ፣ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ ወዲህ የብረት እጥረት ስለ ነበረባት፣ ገላዋ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ በዚህም ምክንያት ገላዋ ዝገት ሳይበላው ዘመን ይሻገራል። እግሯ ግን በአራቱም ማዕዘን ተደራርቦ የታሰረ የብረት ባሌስትራ፣ ማለት የፈረስ ሠረገላ ዘመን ጥበብ ነበረ፤ በሞላ ላይ የቆመችውም ዋን ቴን የተባለችው ታናሿ በ1975 ዓ.ም. ስትወጣ ነው። ብዙ ሰው ባሌስትራን እንደ ኋላ ቀር ነገር ሲንቀው እሰማለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሸክም የሚችል፣ በገጠርም ቢሰበር አንጥረኛ ሊያቃናው የሚቻል ዕቃ ክብር ይገባዋልና።

አሮጌውን ጎሚኒ ማውጣት፣ አዲሱን ከማስገባት ይልቅ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ብሎኑ ከውስጠኛው ቱቦ ጋር በዝገት አንድ ሆኖ ስለ ነበር፣ ሽማግሌው ሦስት ቀን ጧትና ማታ ናፍጣ ካጠጡት በኋላ እንኳ አልፈታ ብሎ በመጋዝ ተቆረጠ። ቀጥሎ ጎማውን በእሳት አቃጠሉት፤ ያ ጥቁር ጢስና ሽታ እስከ ዛሬ ከኮቴ አልለቀቀም። የቀረውን የውጭ ቀለበት ደግሞ የመጋዝ ምላጭ በቀዳዳው አሳልፈው፣ የሻንሲውን ብረት እንዳይነኩ በጣታቸው እየዳሰሱ በርዝመቱ ሰነጠቁት፣ በመሮም ወደ ውስጥ አጥፈው አወጡት። አንዱን ቀለበት ብቻ ለማውጣት ከቀትር በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ አለቀ፤ እኔም ይህን አይቼ ስለ ሥራ ዋጋቸው ለመከራከር የነበረኝ አሳብ ከልቡናዬ ጠፋ።

ምትክ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስወርድ፣ ከእውነተኛው የጎማና የብረት ጎሚኒ ሌላ፣ ከከባድ መኪና ጎማ በቶርኖ የተቀረጸ፣ ደግሞም ፖሊዩሪቴን የሚሉት ጠንካራ ዓይነት ቀረበልኝ። ፖሊዩሪቴኑ በእጅ የሚገባና ዘይት የማይጎዳው ስለ ሆነ የሚያመሰግኑት አሉ፤ ነገር ግን የጠጠሩን መንቀጥቀጥ ሳያበርድ ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋልና፣ እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ መንገድ ለሚመላለስ ሰው አልመርጠውም። በቶርኖ የተቀረጸው፣ ሌላ መድኃኒት በጠፋበት አገር መንገደኛን ወደ ቤቱ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

አሁን ይህን እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ እነዚህኑ ጎሚኒዎች ለውጦልኝ ነበር፤ ዕቃው አዲስና ደኅና ሆኖ ሳለ በሰባተኛው ወር ተቀደደ። ምክንያቱን ያወቅሁት አሁን ነው። ያ ጋራዥ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ እግሮቿ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ሳሉ ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቀ፤ ወደ መሬት ስትወርድ ባሌስትራው ከክብደቷ በታች ተዘረጋ፣ ጎማውም ገና ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ተጠምዝዞ ቀረ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌትና ቀን ዕረፍት አላገኘም። አዛውንቱ ግን ብሎኖቹን በእጅ ያህል ብቻ አስይዘው መኪናዋን በአራት እግሯ አቆሟት፣ ከኋላዋም ተጭነው ወዘወዟት፣ ዳዶዎቹን ያጠበቁት ከዚህ በኋላ ነው። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ በቅሎ የምትጫነው ቆማ ነው ወይስ ተኝታ?» አሉኝ።

በየገጠሩ ስዞር፣ የጤናና የእርሻ አገልግሎት መኪናዎች ሞተራቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በግቢ ውስጥ ሣር በቅሎባቸው ቆመው አያለሁ፤ ቀርቤ ከጠየቅኋቸው ሾፌሮች አንዳንዶቹ የነገሩኝ ይህንኑ የእግር ነገር ነው። አንዲት ወላድ እናት ከተራራ የምትወርድበት መኪና እንዲህ ስላለች ታናሽ ጎማ ሲቀር ማየት ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም። ለቀለምና ለወንበር ልብስ በጀት የሚይዝ ሹም፣ ለ12 ጎሚኒና ለጥቂት ብሎንም ይያዝ፣ ይልቁንም መኪናዋን አቁሞ ለሚያጠብቅ ባለሙያ ጊዜ ይስጥ ብዬ እለምናለሁ።

አሁን መኪናዬ ፍሬን ስይዝ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ያ የተሰነጠቀ ደወልም ዝም ብሏል። ሽማግሌው ግን ሥራው አልተፈጸመም ብለውኛል፤ 500 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ዳዶዎቹን ዳግመኛ ሊፈትሹ ይሻሉ። ትናንት ከአንኮበር ስመለስ 460 ሆኗል፤ ማክሰኞ ጧት ካርቶኑን እኔ ይዤ እሄዳለሁ።