የሐዘን ዋጋ አንድ ሺህ ብር!

እስቲ ጎበዝ፣ አንድ ነገር እንጠያየቅ። ለመውለድ በእግሯ የገባች እናት በሳጥን ብትወጣ፣ ጥፋቱም የሐኪሙ መሆኑ በፍርድ ቤት ቢረጋገጥ፣ ሕጉ ለቤተሰቧ ስለ ሐዘናቸው የሚቆርጥላቸው ካሳ ስንት ይመስላችኋል? ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም! ቀልድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ በምንም ዓይነት ከ1 ሺህ ብር እንዳያልፍ ደንግጓል።

ያን ጊዜ 1 ሺህ ብር 400 ዶላር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግም ፈረሰ። አንድ ሺህ ብሯ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም!

«የገንዘብ ኪሳራውን ለብቻው መጠየቅ ይቻላል እኮ» የሚል የሕግ አዋቂ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይቻላል። ደመወዝተኛ ከሆነ ደመወዙ ተሰልቶ ይጠየቃል። በተወለደ በሰዓቱ በቸልተኝነት የሞተ ሕፃን ግን የምን ደመወዝ አለው? ጉሊት ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድግ እናትስ ገቢዋን በየትኛው ደረሰኝ ታስረዳ? ለእንዲህ ያለው ሰው የምትቀረው ያቺው አንድ ሺህ ብር ናት።

መንግሥት ጣሪያ ማንሳት አያውቅበትም እንዳይባል ደግሞ ሲፈልግ አንስቷል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የአንድን ደራሲ ወይም ዘፋኝ ሥራ ያለ ፈቃድ የገለበጠ ሰው የሚከፍለው የሞራል ካሳ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ይላል። በ2000 ዓ.ም የወጣው የፕሬስ አዋጅም ስም ያጠፋን ጋዜጣ እስከ 100 ሺህ ብር የሚያስከፍል ነበር። የዘፋኙ መብት መከበሩን አልቃወምም፣ ይበል ነው። ግን የሰው ስምና የሰው ካሴት 100 ሺህ ሲያወጡ የሰው ነፍስ ሐዘን አንድ ሺህ የሆነው በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በሕክምና ስህተት ለሚደርስ ሥቃይ የ250 ሺህ ዶላር ጣሪያ አበጀች። ተጎጂዎች ሲጮሁ ኖረው ከ47 ዓመት በኋላ በ2022 ጣሪያው ከፍ እንዲል ሕግ ወጣ። የእኛው ከ60 ዓመት አልፎታል፣ ጩኸቱም ገና አልተሰማም።

ወደ ሐኪሙ እንምጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲቀጣ ሐኪምንና ሾፌርን ጎን ለጎን ጠቅሶ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀምጣል። ይሁን። ሾፌሩ ግን ሦስተኛ ወገን ሳይገባ መንገድ ላይ ቢገኝ ትራፊክ አይለቀውም። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ለተጎጂው የሚደርስ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ለሕመምተኛስ? እንዲህ ያለ ፈንድ የለውም። በሲኖትራክ የተገጨ ሰው በኦፕራሲዮን ከተጎዳው ይሻላል ማለት ነው።

ሐኪሞቻችንን ለመስቀል የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ጓንትና መድኃኒት በሌለበት፣ የቤት ኪራይ በማይሸፍን ደመወዝ ሰው የሚያድን ወገን ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን ይሻሻል» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምላሹ ለብዙዎቹ እስር ነበር። የደከመ ሐኪም ሲሳሳት እሱን ብቻ ወህኒ ማውረድ የሟችን ልጆች ዳቦ አይገዛላቸውም። ሐኪሙም እስሩን ስለሚፈራ የሆነውን አይናገርም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2651 ሆስፒታሉ ለቀጠራቸው ሐኪሞች ጥፋት በካሳ ተጠያቂ ነው ይላል። እንግዲያው ሆስፒታሎች፣ የመንግሥቶቹም ጭምር፣ በየዓመቱ የሚያዋጡበት የሕመምተኞች ፈንድ ይቋቋም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ይህን በመሰለ ኢንሹራንስ ትሠራለች። እዚያ ተጎጂው ጉዳቱ ሊቀር ይችል እንደነበር ከታየለት በቂ ነው፣ ሐኪሙን ወንጀለኛ አድርጎ ማስመስከር አይጠበቅበትም።

እኛ ዘንድ ግን ማስረጃው ያለው በተከሳሹ እጅ ነው። ፖሊስም ፍርድ ቤትም ጥፋት መኖር አለመኖሩን የሚጠይቁት የሙያውን ሰዎች ነው፤ ሐኪም ስለ ባልደረባው ይጠየቃል። እነሱም ቢሆኑ የሚያዩት ካርዱን ነው። ቤተሰብ ካርድ ክፍል ሄዶ «ነገ ና» ሲባል፣ ነገም «ካርዱ ጠፍቷል» ሲባል፣ ምን ይዞ ይከራከር? የምክር ቤት አባሎቻችን አንቀጽ 2116ን ለማንሳት አንድ ቀን ከተሰበሰቡ፣ አንዲት መስመር ይጨምሩልን፦ ሕመምተኛው ወይም ወራሹ የካርዱን ቅጂ በጠየቀ ጊዜ ይሰጠው፤ ካርዱ ጠፋ ከተባለም ጥፋት አለመኖሩን የማስረዳቱ ዕዳ የሆስፒታሉ ይሁን።