ሕጉን ዕድር ድረስ እናውርደው

ድሮ አዋጅ የሚታወጀው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። ትእዛዙ በጎም ይሁን ክፉ፣ የማድረሱ ሥራ ለሹም ብቻ አልተተወም። ከገበያ የተመለሰ ሁሉ ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ይነግራል። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ እየታተመ ይወጣል፤ ከታተመ በኋላም ሁላችንም እንዳወቅነው ይቆጠራል። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ተብለናል። እስቲ ከየሰፈራችሁ ነጋሪት ጋዜጣ ገልጦ ያየ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ጋዜጣው ቀረ ማለቴ አይደለም፤ የቀረው «ላልሰማ አሰማ» የሚለው ነው። ጥሪዬም እሱን እንድንመልስ ነው።

የዝምታውን ዋጋ ማየት የፈለገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንዱ ፍርድ ቤት በር ይቁም፤ ልደታም ሆነ አንድ ወረዳ ከተማ ያው ነው። ከአጥሩ ሥር አቤቱታ ጸሐፊዎች ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ታወጣለች። በቤቷ ላይ የተነሣ ክስ መጥሪያ ነው፤ ቀጠሮው ካለፈ ሰንብቷል። ወረቀቱ የመጣላት ጊዜ ጎረቤት «ካልፈረምሽ አይመለከትሽም» ብሎ መክሯት ነበር። ይህ ምክር የሌለበት ሰፈር የለም፤ የሚሰጠውም በደግ ልብ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጥሪያ አልቀበልም ማለት ክሱን አያስቀረውም፤ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በመኖሪያዋ በር ላይ ተለጥፎ እንዲደርሳት ሊያዝ ይችላል። በቀጠሮው ካልቀረበች ክርክሩ እሷ በሌለችበት ይሰማል፣ የከሳሽ ማስረጃ ብቻ ይታያል፣ ይፈረዳል። ያን ጊዜም ቢሆን ነገሩ አላለቀም፤ ላለመቅረቧ በቂ ምክንያት ካላት ፍርዱ መሰጠቱን ባወቀች በአንድ ወር ውስጥ አመልክታ ማስነሣት ትችላለች፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅድላታል። እሷ ግን «ይተዉት ይሆናል» እያለች ወሯን ጨርሳለች። ቤቷን ያሳጣት ክፉ ዳኛ ወይም ጉቦ አይደለም። አንድ ዐረፍተ ነገር የሚነግራት ሰው ማጣቷ ነው።

ፍርድ ቤት ቀን ይቆጥራል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ያለ አግባብ ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ደግሞ ስድስት ወር። ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጽፏል። የተባረረው ሰው ግን ምን ያደርጋል? እንደ ባህላችን ሽማግሌ ይልካል። አለቃውም «እስቲ ከበዓል በኋላ» ይላል። በዓሉ ያልፋል፣ ሌላ በዓል ይመጣል፣ የመክሰሻ ጊዜ ገደብ የሆነው ይርጋ ደግሞ በጎን ሥራውን ይጨርሳል። «ገንዘብ የለኝም፣ በምን ልክሰስ» ብሎ ቤቱ የተቀመጠም ሞልቷል። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅበት የነገረው የለም። በሌላውም ጉዳይ ቢሆን የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚችል አልሰማም።

ጠበቃ የሚፈለገው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ መጥሪያው ገና ስላልመጣበት፣ ውሉ ስላልተፈረመበት፣ ልጁ ስላልታሰረበት ጊዜ። ያን ጊዜ ሰው ያለው ሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ዕድር፣ ማኅበር፣ ዕቁብ፣ ሰንበቴ፣ የመስጊድ ጀማዓ፣ የወላጆች ስብሰባ። ሕጉ የሚሄደው እዚያ ነው እንጂ ሰው ወደ ሕጉ ቢሮ እንዲሄድ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ልጅ ሲታሰር የሚሆነውን እንይ። እናት ምሳ ዕቃ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ትቆማለች። የምትጠይቀው «ስንት ብር ይበቃል? የሚያውቅ ሰው አለ?» ነው። መጠየቅ የነበረባት ግን «በምን ተጠርጥሮ ነው? መቼ ፍርድ ቤት ይቀርባል?» ብላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ ለመንገድ ከሚያስፈልገው ጊዜ ውጪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በዋስ የመፈታት መብት አለው። አንቀጽ 21 ደግሞ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ የሚፈቅደውም ዳኛ እንጂ መርማሪ አይደለም። ከሚያውቅ ሰው ፍለጋ ይልቅ ይህችን ያህል ማወቅ ይበጃል።

አሁን አንዱ «ሕግ ማወቅ ምን ይፈይዳል? ፍርድ ቤት ይለቀቅ ያለው ሰው ሳይለቀቅ ሲቀር አላየንም ወይ?» ይለኛል። አይተናል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የፍርድ ቤት የዋስትና ትእዛዝ ሳይፈጸም የቀረባቸውን ሰዎች ጉዳይ በሪፖርቶቹ ጽፏል። ቀጠሮ የሚያጓትት ችሎት፣ መዝገብ የሚጠፋበት ቢሮ አለ። ይህን ሸፍኜ «መብታችሁን ካወቃችሁ ሁሉ ይሰምራል» ብላችሁ አታምኑኝም፣ ማመንም የለባችሁም። ነገር ግን ትእዛዝ አልፈጽምም ለሚል ባለሥልጣን ከሁሉ የሚመቸው፣ ትእዛዙ ምን እንደሚል የማያውቅ ዘመድ ነው። ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲለቀቅ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የአካል ነጻ ማውጣት አቤቱታ የሚባል ነገር መኖሩን አንድ ሰፈር ሙሉ ቢያውቅ፣ በበነጋው ሃያ ሰው ችሎት ቢገኝ፣ ያው ባለሥልጣን ቢያንስ መልስ ያዘጋጃል። ሕግ የሚጣሰው በጨለማ ሲሆን ቀላል ነው። ደግሞም ብዙው ጉዳያችን ከመንግሥት ጋር አይደለም፤ ከአከራይ፣ ከወንድም፣ ከቀድሞ ባል፣ ከአሠሪ ጋር ነው።

በጋራ መነሣት ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲቋቋም ጠለፋ በብዙ ቦታ እንደ ወግ ይታይ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ በነፍስ ግድያ ስትከሰስ ማኅበሩ ቆመላት፤ ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ተሟገቱላት፣ ራሷን በመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ታሪኩ «ድፍረት» በሚለው ፊልም ዓለም አየው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከፊልሙ በኋላ ያለው አይደለም፤ በየመንደሩ እየዞሩ «ይህ ወንጀል ነው» ሲሉ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ከልጅቷ ፍርድ በኋላ የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ማምለጫ ዘጋው፤ ዛሬ ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት አያድነውም። መዓዛም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። አሁንም ግን ጠለፋን በሽማግሌ እንጨርሰው የሚባልበት ቀዬ አለ። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ የሚፈቅደው ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ብቻ ነው፤ ወንጀል ደግሞ ከዚያ ውስጥ የለም። ይህን ለሽማግሌዎቻችን በአክብሮት የሚነግራቸው ማን ነው?

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይኼኛው ፊልም አልተሠራለትም። እናቱ ሞታበት አክስቱ ያሳደገችው ሕፃን ነበር። ከዓመታት በኋላ አባት መጥቶ ልጄን አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ፈረዱለት። ነገሩ እስከ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ። ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ሊቀድም የሚገባው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ ሞግዚትነቱ ለአክስት እንዲሆን ወሰነ። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም በአገሪቱ ያሉትን የሥር ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። የዚህ ዓይነት ውሳኔዎች ከሃያ በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመዋል። የእህቱን ልጅ፣ የወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ ሰው በአገራችን ስንት ነው? ይህን ውሳኔ የሚያውቀውስ? ቅጾቹ ከጠበቆች መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ስለዚህ እናንተ ጠበቆች፣ መጀመሪያ የምጠራው እናንተን ነው። ለደካማ ወገን የምትሰጡት ነጻ አገልግሎት ገና በ1992ቱ የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ተብሎ ተጽፎባችኋል። ችሎት የምትቆሙለት ችግረኛ ይቅር አልልም። ከዚያ ላይ በወር አንዲት ሰዓት ጨምሩ፤ በሰፈራችሁ ዕድር፣ ካባና ፋይል ሳትይዙ፣ አንቀጽ ሳታበዙ። «ከዚህ በላይ በተመለከተው» የሚለውን አነጋገር ቢሮ ተዉት። አንድ ቀን ስለ መጥሪያ ብቻ ተናገሩ። ሌላ ቀን ስለ ውክልና። ውጭ አገር ያለ ልጅ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ ለወንድሙ ውክልና ይልካል፤ ወንድሙ ቤቱን ይሸጠዋል፤ ከዚያ ቤተሰብ ይበጣጠሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አያበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን ሰጪውም ተቀባዩም ገዢውም አስቀድመው ቢያውቁት ስንት መዝገብ ሳይከፈት ይቀር ነበር!

የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የሴቶች ማኅበር አስተባባሪዎች፣ ሰብሳቢነቱ የእናንተ ነው። የወሩ መዋጮ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ሰው ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ያችን ሰዓት ስጡ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላችሁ፤ ተማሪዎቻችሁን ከግቢ አውጡ። በየአካባቢያቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ በሰው አፍ መፍቻ ቋንቋ ያልተነገረ ሕግ ያው እንዳልተነገረ ነው። ጡረታ የወጣችሁ ዳኞች ቡና እየጠጣችሁ የምታወሩት እኮ ለሰፈሩ ትልቅ ትምህርት ነው። የኤፍኤም ጋዜጠኞችም ወንጀሉን ማስፈራሪያ አድርጎ መተረኩን ታውቁበታላችሁ፤ ፍርዱ በምን ምክንያት እንደተሰጠ ግን አትነግሩንም። ንገሩን።

እኛ ተራ ሰዎችም ችሎት እንግባ። ክስ ሳይኖረን፣ ሳንጠራ። የወንጀል ክርክር በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ሕገ መንግሥቱ ያዛል፤ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ካልሆነ በስተቀር አይዘጋም። አያቶቻችን ሙግት የለመዱት አንብበው አይደለም፤ ዛፍ ሥር በላ ልበልሃ ሲባል ከብት የሚያግደው ልጅ ሳይቀር ቆሞ ይሰማ ስለነበር ነው። ዛሬ የችሎት ወንበር ላይ የሚገኘው ባለጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱም በፍርሃት የዳኛውን ቃል ግማሹን አይሰማም። አንድ ጠዋት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የተመለከተ ሰው መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚናገር፣ ቀጠሮ ሲሰጠው ምን መጻፍ እንዳለበት ያውቃል። የዜግነት ትምህርት መምህራን፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ አጥፉ፣ ኮፍያ አውልቁ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ኮሚቴ ይቋቋም፣ በጀት ይለቀቅ፣ አሰልጣኝ ይሠልጥን ከተባለ ይህ ነገር አይጀመርም። ገንዘብ የሚጠይቅ ምንም የለውም። በሚቀጥለው የዕድራችሁ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና «አንድ አጀንዳ አለኝ» በሉ። በሰፈሩ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሬጅስትራር ወይም የሕግ ተማሪ የሆነ ልጅ ይጠፋል ብዬ አላስብም፤ ከጠፋ ከጎረቤት ዕድር ተዋሱ። ለመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቤቱ ያለውን የማይገባውን ወረቀት ይዞ ይምጣ፦ መጥሪያ፣ የኪራይ ውል፣ የሥራ ውል፣ ውክልና። የመዝገብ ቁጥሩ የት እንደሚገኝ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ጊዜው ስንት ቀን እንደቀረው አንድ በአንድ እያያችሁ አንብቡ። ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ ካገኛችሁ ስብሰባው እስኪበተን አትጠብቁ፤ ሁለት ሰው ይዛችሁ በበነጋው ጠዋት ከሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ቁሙ።