ለረጅም ልጅ የሚሆን የመንገድ ጋሪ

አንባቢ ሆይ፤ የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ በጋሪ ተቀምጣ እናቷ ስትገፋት ቢያዩ በልብዎ ምን ይላሉ? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ይህችን የምታህል ልጅ ምነው በእግሯ ብትሄድ!» እያልሁ ከሚያልፉት ሰዎች አንዷ ነበርሁ። ዘንድሮ ግን ነገሩ ከደጄ ስለ መጣ አሳቤን ለመለወጥ ተገደድሁ፤ ለዛሬው ጽሑፌ የመረጥሁትም ይህንኑ ጉዳይ ነው።

እዚህ ጉርድ ሾላ፣ ከባቡሩ መሥመር ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኘው መንደራችን፣ ባለቤቷ ጀርመን አገር የሚሠራ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ልጇን ይዛ ልትጠይቀው ስትነሣ ወደ ቤቴ መጣችና «እትዬ፤ ለልጄ ጋሪ ልገዛ ነውና አብረን እንውጣ» አለችኝ። ልጂቱን ዐውቃታለሁ፤ እንደ አባቷ መለሎ ናት። የሰፈራችን ስም ጉርድ ቢሆንም ልጆቹ መርዘማቸውን አልተዉም። አያቲቱ እማማ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሮ «የሯጮች ፌዴሬሽን ባለበት ሰፈር አምስት ዓመት ያለፋትን ልጅ በጋሪ? ሰው ምን ይላል!» ብለው ብቅ አሉ።

ጎረቤቴ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አውሮፕላኑ የሚነሣው ሌሊት ነው። ልጂቱ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ ቆማ ታንቀላፋለች። ቦሌ ላይ ሰልፉ፣ ፍተሻው፣ ጥበቃው አለ፤ ፍራንክፈርት ሲደርሱ መጨረሻ የሌለው የሚመስል ኮሪደር አለ፤ ከዚያም በላይ የባቡር ጉዞ ይቀራል። ሁለት ሻንጣ በአንድ እጅ፣ የተኛች ባለ 20 ኪሎ ልጅ በሌላው እጅ መሸከም የሚችል ማን ነው? እማማ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን የመስማማት አልነበረም።

አሁን ስሕተታችንን ልናዘዝ። ገበያ የሄድነው ልጂቱን ሳንይዝ ነበር። ባለሱቁ አንድ ቀለሙ ያማረ፣ ሲታጠፍ እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰብ ጋሪ አውጥቶ «እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ስድስትም ቢሆን ችግር የለውም» አለን። እኛም ዕድሜዋን እንጂ ልኳን አላሰብንምና ከፍለን መጣን። በሦስተኛው ቀን ልጂቱን አስቀምጠን በኮብልስቶኑ ላይ ስንገፋ፣ ከእግር ማሳረፊያው ተርፎ የተንጠለጠለው የጫማዋ ጫፍ ከፊተኛው ጎማ ሥር ገባ። ጋሪው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልጂቱም በፊቷ ተደፋች። የትከሻው ቀበቶ ቁልቁል እየጎተተ ስላሳመማት ፈትታው ነበር። መዳፏና አገጯ ተላጠ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥርሷ ተረፈ። ያን ዕለት ማታ ጋሪውን ትተን ከልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስን።

በመጀመሪያ ስለ ዕድሜ ልንገርዎ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የሕፃናት እድገት መለኪያ ብንመለከት፣ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 110 ሳንቲሜትር ነው። ነገር ግን በዚያው መለኪያ መሠረት ከ101 እስከ 119 ሳንቲሜትር ድረስ ያለው ሁሉ በተለመደው ወሰን ውስጥ ይቆጠራል። እንግዲህ ሁለት ጤነኛ የአምስት ዓመት ልጆች በ18 ሳንቲሜትር ሊበላለጡ ይችላሉ ማለት ነው! «እስከ አምስት ዓመት» የሚል ቃል የተጻፈበት ጋሪ ከሁለቱ ለየትኛው እንደ ተሠራ ማን ይነግረናል? የኛይቱ ልጅ በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገን ስንለካት 117 ሆነች።

ክብደቱ ከዚህ ይብሳል። የአውሮፓ የጋሪ ደኅንነት መስፈርት ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ ሁለተኛው ከዚያ በላይ እስከ 22 ኪሎ ላለው ነው። መካከለኛ ክብደት ያለው ልጅ 15 ኪሎ የሚሞላው ሦስት ዓመት ተኩል ሳይደርስ ወይም በዚያ አካባቢ ሲሆን፣ በአምስት ዓመቱ 18 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ በ15 ኪሎ የተወሰነ ጋሪ ላይ የአምስት ዓመት ልጅ ማስቀመጥ፣ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሰው እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ለጊዜው ይችላል፣ በኋላ ግን መገጣጠሚያው ይላላል። የክብደቱ ልክ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከብረቱ ላይ በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ባለሱቁን ከመጠየቅዎ በፊት ጋሪውን ገልብጠው እርሷን ያንብቡ። እኛ ገልብጠን ያነበብነው ከወደቀች በኋላ ነበር፤ 15 ይላል።

ቀጥሎ ልጁን ተቀምጦ ይለኩት። ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ልጅ እግረ ረጅም፣ ሌላው ወገበ ረጅም ነውና። ልጁን በጠንካራ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡት። ከመቀመጫው እስከ አናቱ ይለኩ፤ ይህ ቁጥር በጋሪው መቀመጫና በጥላው መካከል ካለው ክፍት ቦታ ማነስ አለበት። የኛይቱ 64 ሳንቲሜትር ስትሆን የጋሪው ግን 56 ነበር፤ ምስኪኗ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ለካ አኩርፋ አልነበረም! ከዚያ ከመቀመጫው እስከ ትከሻው ይለኩ። የትከሻው ቀበቶ ከጀርባ የሚወጣበት ቀዳዳ ከልጁ ትከሻ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል። ዝቅ ካለ ትከሻውን ወደ ታች እየጫነ ልጁን ያስመርረዋል፤ የተመረረ ልጅም ቀበቶውን ይፈታል። በመጨረሻ ከጉልበቱ መታጠፊያ እስከ ጫማው ሶል ይለኩ። የእግር ማሳረፊያው ከዚህ አጥሮ ወደ ላይ ቢቀርብ ጉልበቱ ይነሣል እንጂ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ጠባብ ሆኖ እግሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት የሚያመልጥ ከሆነ ግን የኛን ታሪክ ያስታውሱ።

በዚህ ላይ ረጅም ልጅ ያለበት ጋሪ ሚዛኑ ስስ መሆኑን ይወቁ። ልጁ በእግር ማሳረፊያው ላይ ቆሞ ልውረድ ካለ ጋሪው ወደ ፊት ይደፋል። ልጁ ወርዶ ከባድ ቦርሳ ከእጀታው ላይ ከቀረ ደግሞ ወደ ኋላ ይገለበጣል። እናቶች ሁላችን ዘንቢላችንን እዚያ ማንጠልጠል እንወዳለን፤ ከመቀመጫው ሥር ባለው መረብ ውስጥ ማስገባት ይሻላል።

ስለ አውሮፕላኑ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። ሲታጠፍ ትንሽ የሚሆን ጋሪ ምርጥ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ለሕፃን እውነት ነው። የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ታሪኩ ራሱ ከአውሮፕላን ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የጃንጥላ አጣጣፍ ያለውን ጋሪ የፈለሰፉት እንግሊዛዊው ኦዌን ማክላረን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር የነበረው የስፒትፋየር አውሮፕላን እግር በተሠራበት ሥራ የተካፈሉ መሐንዲስ ነበሩ። ከአሉሚኒየም የሠሩት ጋሪ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ዮዮ የተባለው የፈረንሣይ ጋሪ ደግሞ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ እስከ 22 ኪሎም ይሸከማል። ይሁን እንጂ ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት ስፋት 40 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ እርሱም ቢሆን በአንዱ በር ሲያልፍ በሌላው ሊከለከል ይችላል። የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው፤ ጀርባው ረጅም፣ ጥላው ከፍ ያለ ጋሪ ታጥፎ ከራስ በላይ ካለው ሳጥን የሚገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁለቱን በአንድነት መፈለግ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል። እኔን ቢጠይቁኝ ለልጁ ልክ ይግዙ፤ ጋሪውን ከአውሮፕላኑ በር ላይ ያስረክቡ። ለዚያም ከመሄድዎ በፊት አየር መንገዱን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ለዚህ ዕድሜ ልጅ ጋሪ በነፃ ይጫናል ወይስ ይከፈልበታል? ስንደርስ ከአውሮፕላኑ በር ይመለስልናል ወይስ ከሻንጣ ጋር?

በሁለተኛው ጊዜ ልጂቱን ይዘን ወጣን። ሜትሩም በቦርሳችን ነበር። ባለሱቆቹ ሳቁብን፤ ይሳቁ። ከሱቁ የሸክላ ወለል ላይ ማንኛውም ጋሪ እንደ ቅቤ ይንሸራተታልና፣ ፈቃድ ጠይቀን ከደጅ አውጥተን በድንጋዩ ላይ ሞከርነው። በዋናው መንገድ ዳር ባለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ትንንሽ ጎማ ቢበቃም፣ ወደ መንደር ሲገባ በኮብልስቶኑ ክፍተት ውስጥ ይቀረቀራል። ጎረቤቴ አንድ እጇን ከኋላዋ አድርጋ በሌላው ብቻ ማጠፍ ሞከረች፤ በሁለት እጅ ብቻ የሚታጠፍ ጋሪ ሻንጣ ለያዘ ሰው ጋሪ አይደለም። የመረጠችው 9 ኪሎ የሚመዝን፣ 22 ኪሎ የሚችል፣ ከመቀመጫው እስከ ጥላው 68 ሳንቲሜትር ያለው ነው። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ልጂቱ ቀዩን ፈልጋ ትንሽ አለቀሰች።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ይህ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ለሚደክም ልጅ ነው። በፊት ይሮጥ የነበረ ልጅ አሁን መራመድ እንቢ ካለ፣ ካነከሰ፣ ጧት ሲነሣ እግሩ ተሳስሮ ከታየ፣ ወይም አዘውትሮ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ጋሪ ሻጭ ሳይሆን ወደ ሐኪም ይሂዱ። ወገቡንና አንገቱን ማቆም ለማይችል ልጅም የተራ ጋሪ መቀመጫ አካሉን ያጣምመዋል፤ እርሱ የሚያስፈልገው በባለሙያ ተለክቶ የተዘጋጀ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ ሲረዳ የኖረውን የቼሻየርን ስም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ካለው ቦታ ምክር መጠየቅ ነውር የለውም። በአውሮፕላን ማረፊያም መራመድ ለሚቸግረው ልጅ ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድሞ ማስመዝገብ ይቻላል።

የጉዞው ሌሊት ሸኘናቸው። ልጂቱ ጉርድ ሾላን ሳንለቅ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቦሌ ስንደርስ ሳትነቃ ወደ ጋሪው ተዛወረች። ቀበቶዋ ተያዘ፤ እግሮቿም ከማሳረፊያው ላይ በልካቸው ተቀመጡ። የሚያልፈው ሰው አንዳንዱ ዘወር ብሎ ቢያይም ሁሉም በየሻንጣው የተጠመደ ነውና አንድም ቃል የተናገረ አልነበረም። እማማ ሻንጣውን ለመጨረሻ ጊዜ ሲነካኩ አየሁ፤ ነገሩን ግን ልብ አላልሁትም።

በማግሥቱ ጎረቤቴ ስልክ ደወለች። ቦሌ ላይ ጋሪው እንደ ንግሥት ሠረገላ አገልግሏት ነበር። ሲደርሱ ግን ጋሪው ከአውሮፕላኑ በር ሳይሆን ከሻንጣ ጋር ይመጣል ተባለች፤ ያን ጥያቄ ሳንጠይቅ ቀርተን ኖሯል። ልጂቱ እንቅልፏን አልጨረሰችም፤ ኮሪደሩም እንደ ተፈራው ረጅም ነበር። ቦርሳዋን ስትከፍት እማማ አጥፈው ያስቀመጡትን ወፍራም ነጠላ አገኘችና ባለ 20 ኪሎ ልጇን አዝላ፣ ሁለት ጊዜ እያረፈች፣ እስከ ሻንጣው መቀበያ ድረስ ሄደች።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው ቡና እያፈሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ጋሪውስ ያን ጊዜ የት ነበር?» አሉኝ።