ኪሎ ሜትርና ሰዓት

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአሞራ ገደል፤ ማለዳ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያወጡ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ ከዛፉ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ፈለገው ስፍራ ይወርዳል፤ መንገዱን የሚያጣምምበት የለም። ሰው ግን በጥበቡ ከአሞራ በላይ ቢበርርም፤ እበርራለሁ ብሎ የተነሣበትን ቀን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው ተቀምጦ በመጠበቅ ነው።

ለዚህም ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን መንገደኛ መመልከት ይበቃል። የሁለቱ ከተሞች የአይሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት በቀጥታ ሲለካ ወደ 510 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚበርረው ኪው 400 አይሮፕላን፤ መነሣቱና ማረፉ ተቈጥሮ፤ ያንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በአዲስ አበባ በኩል የሚሄደው መንገደኛ ግን ቦሌ ወርዶ ሁለተኛውን አይሮፕላን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ከቀጥታው መስመር እምብዛም ስላልራቀች በዚህ ምክንያት የሚጨመረው መንገድ ከ35 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ በአየር ላይ የሚያልፈውም ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ነገር ግን የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ያልተስማማ እንደ ሆነ ግማሽ ቀን ይጠፋል፤ የማታው በረራ ካመለጠም አዳር ይጨመርበታል። እንግዲህ ቀኑን የሚበላው የአየሩ መንገድ ሳይሆን የምድሩ ጥበቃ መሆኑ የተገለጠ ነው።

ይህን ማለት የአየር መንገዱን ድካም ማቃለል አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ብዙውን ሩቅ አገር አቅርቧል፤ ሐዋሳም በ2008 ዓ.ም. የዚህ በረከት ተካፋይ ሆናለች። በመኪና የሚሄድ ሰው 800 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝና የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። መንገደኛውን ሁሉ በቦሌ መሰብሰብም ምክንያት አለው፤ ከአንድ ከተማ ወደ አንድ ከተማ ብቻ የሚሄደው ሰው አይሮፕላኑን ካልሞላው፤ ባዶ ወንበር የነዳጅ ዋጋ አይከፍልም።

ስለሆነም መድኃኒቱ ፈጣን አይሮፕላን መግዛት ሳይሆን ሰዓትን ማስማማት ነው። ከደቡብ የሚመጣው ሲያርፍ ወደ ሰሜን የሚነሣው ብዙ ሳይቈይ ቢከተል፤ ያለ ታላቅ ወጪ ግማሽ ቀን ይተርፋል። የጣናን ገዳማት ለመሳለም ወይም ለጥምቀት ጎንደር ለመድረስ ሕዝብ በሚበዛበት ወራት ደግሞ የቀጥታውን በረራ መፈተን ይቻላል።

ነገሩ ግን የአየር መንገዱ ብቻ አይደለም። ካርታ ተመልክቶ «ያንድ ሰዓት መንገድ ነው» በማለት ለነገ ጧት የሚቀጥር ሹም፤ ባለጉዳዩን ሳይበድል በደለኛ ያደርገዋል። ሰውየው ቢዘገይ ቸልተኛ ይባላል፤ ቀድሞ ቢነሣም የአዳሩን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል። ሰው የሚጠራ ሁሉ፤ የመሥሪያ ቤት አለቃም ቢሆን የቤተ ክህነት፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመንገደኛው ሰዓት ለክቶ ቀጠሮ ሊሰጥ ይገባዋል። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ የሰው ቀን ግን አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስም።